የናሽናልስ ውድቀት ሶቶ ሲሸጥ አልጀመረም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤዝቦልን መከታተል የጀመርኩት የዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 ዋንጫውን ሲወስድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያየሁት ሽንፈት ብቻ ነው። ሸርዘርን፣ ተርነርንና ሶቶን ሸጠው ቡድኑን ባዶ አስቀሩት። በእኔ አስተያየት ባለቤቶቹ ገንዘባቸውን እየቆጠቡ በደጋፊው ይቀልዳሉ፤ እንደ እግር ኳሱ ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አይደፍሩም ነበር። አሠልጣኙንም ቀደም ብለው ቢያሰናብቱት ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር። አሁን የ11 ዓመቱ ልጄ የዓመት ትኬት እንድገዛ እየወተወተኝ ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ‹ተዋቸው፣ ወደ ባልቲሞር ኦሪዮልስ ዙሩ› ይለኛል። ቡድኑ የሚያገግመው መቼ ነው? ትኬቱን ልግዛ ወይስ ልተው?»

ምላሽ፦ የኮከቦቹ መሸጥ የውድቀቱ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። ክለቡ ከአሥር ዓመት በላይ ለሚሆን ጊዜ የራሱን ተጫዋች መርጦ ማሳደግ አልቻለም፤ ይህ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ያልታየው በገንዘብ የተገዙ ታላላቅ ስሞች ሸፍነውት ስለነበር ነው። በባለቤቶቹ ላይ ያቀረቡት ወቀሳ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን በጊዜ መለየት አለበት። ስለ አሠልጣኙ ያሉት ደግሞ በቁጥር ሲመረመር አይቆምም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሽንፈትን የምንለካበት ሚዛን ይስተካከል። አንድ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ እጅግ ጥሩ የሚባለውም ቢሆን ስድሳ ያህሉን ይሸነፋል። እርስዎ የወደዱት የ2019ኙ ቡድን በመደበኛው ውድድር 93 አሸንፎ 69 ተሸንፏል፤ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች ያሸነፈው ደግሞ 19ኙን ብቻ ነበር። ስለዚህ በቤዝቦል የአንድ ሳምንት ቀርቶ የአንድ ወር ሽንፈትም ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የዓመታት ድምር ነው፤ የናሽናልስም ድምር መልካም አይደለም። በኮቪድ ምክንያት ወደ 60 ጨዋታ ባጠረው የ2020 ውድድር 26 አሸንፎ 34 ተሸነፈ፤ በ2021 የተሸነፈው 97 ነው፤ በ2022 ደግሞ 107 ጨዋታ ተሸንፎ ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ከመጣ ወዲህ የከፋውን ዓመት አሳለፈ። በ2023 እና በ2024 ሁለቱንም ጊዜ 71 አሸንፎ 91 ተሸነፈ። በ2025 ግን ወደ 66 ድልና 96 ሽንፈት ተመለሰ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የ2022ቱ አይደለም። ያ ዓመት ቡድኑ ሆን ብሎ የተበተነበት በመሆኑ ይጠበቅ ነበር። አሳሳቢው 2025 ነው፤ ምክንያቱም ወጣቶቹ በሰሉ፣ አሁን ወደ ላይ እንወጣለን በተባለበት ዓመት ቡድኑ ወደ ኋላ ሄደ። መልሶ ግንባታ ዘገየ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተ ማለት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ 2019 እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። ያ ቡድን በዋይልድ ካርድ (በአንድ ጨዋታ በሚወሰን የማጣሪያ ዙር) ሚልዋኪን፣ ቀጥሎ የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን፣ ቀጥሎ ሴንት ሉዊስን በአራት ተከታታይ ጨዋታዎች አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) ደረሰ፤ በዚያም ሂውስተንን 4 ለ 3 ሲረታ አራቱንም ድሎች ያገኘው በሂውስተን ሜዳ ነው። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ እንዲህ ያለ ዋንጫ አላየችም ነበር፤ እንዲያውም የቀድሞው ቡድኗ በ1971 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ከሄደ በኋላ 33 የውድድር ዓመታት ያለ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ኖራለች። በደስታው መካከል ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ቢኖር ያ ቡድን በሊጉ ውስጥ በዕድሜ አንጋፋው መሆኑን ነው። ከሥሩ ተተኪ አልነበረም። የዘር እህሉን ለድግስ እንዳዋለ ገበሬ፣ ክለቡ ድግሱን በክብር ቢጨርስም በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው አልነበረውም።

ክለቡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባዶውን በውል ለመሸፈን ሞከረ። የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች የተባለውን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ስቲቨን ስትራስበርግን በ7 ዓመት፣ በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ የጨዋታ ሜዳ የረገጠው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2020 ሁለት፣ በ2021 አምስት፣ በ2022 አንድ። መጀመሪያ የእጁ አንጓ ነርቭ፣ ቀጥሎ በአንገትና በትከሻ መካከል ነርቮችን የሚጫን ሕመም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት፣ በ2024 በይፋ ጡረታ ወጣ። ከዋንጫው ዓመት በፊት በ6 ዓመት፣ በ140 ሚሊዮን ዶላር የመጣው ፒቸር ፓትሪክ ኮርቢንም በ2019 ጥሩ ሠርቶ በቀሪዎቹ ዓመታት ፈጽሞ ወደቀ፤ በ2022 ብቻ 19 ሽንፈት በስሙ ተመዝግቧል። የቤዝቦል ውል እንደ አሜሪካ ፉትቦል አይደለም፤ ተጫዋቹ ቢጎዳም ቢደክምም ሙሉ ክፍያው ዋስትና አለው። በዚህ ላይ የሸርዘር የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል ግማሹ ቆይቶ እንዲከፈል ስምምነት ስለነበር፣ ክለቡ ሰውየው ከሄደ በኋላ ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር እየከፈለው ይቆያል።

«ታዲያ በስትራስበርግ ፋንታ መቺውን አንተኒ ሬንዶንን ቢያስቀሩ ኖሮስ?» የሚል ደጋፊ ብዙ አለ። ሬንዶን በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር የተፈራረመው በተመሳሳይ 7 ዓመትና በተመሳሳይ 245 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው አጭር ዓመት በኋላ አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በጉዳት ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አንድ ገደል ነበር። ከሥር ተተኪ የሌለው ክለብ አንድ ትልቅ ውል ሲበላሽበት ቀዳዳውን የሚሞላበት ሰው አይኖረውም፤ ተተኪ ያለው ክለብ ግን ተበሳጭቶ ያልፈዋል።

እርስዎ «ሸጡ» ያሏቸውን ሦስቱን ተጫዋቾች ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በቤዝቦል ተጫዋች የሚለቀቀው እንደ እግር ኳሱ በዝውውር ሒሳብ ሳይሆን በአብዛኛው በተጫዋች ልውውጥ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ብር ተገኘበት?» ሳይሆን «ማን መጣ?» የሚለው ነው። ተጫዋች ስድስት የአገልግሎት ዓመት ከሞላ በኋላ ነጻ ሆኖ ወደፈለገበት ይሄዳል፤ ቀድሞ ካልለወጡት ያለ በቂ ምትክ ያጡታል። በሐምሌ 2021 ወደ ዶጀርስ በሄዱበት ጊዜ ሸርዘር ውሉ የሚያልቀው በዚያው ዓመት ነበር፤ ትሬ ተርነርም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነበር የቀረው። በምትካቸው ዋና ሆነው የመጡት ኬይበርት ሩዊዝና ጆሳያ ግሬይ ናቸው። ሩዊዝ በ2023 የ8 ዓመት፣ የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ቢሰጠውም የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ ግሬይም የክርኑ ጅማት ተቀድዶበት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ ወጣ። ይህ ልውውጥ ከሽፏል ብል አላጋነንኩም።

የሁዋን ሶቶው ግን ተቃራኒ ነው፤ የደጋፊው ቁጣ ያነጣጠረው ደግሞ በእሱ ላይ መሆኑ ይገርመኛል። ክለቡ በ2022 የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቅርቦለት ሶቶ እምቢ አለ። እምቢታውም ትክክል ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሟል። ናሽናልስ ሊያስቀረው ከፈለገ ማንም ክለብ ከፍሎ የማያውቀውን ዋጋ፣ ያውም ከዙሪያው ሌላ ጥሩ ተጫዋች በሌለበት ቡድን ውስጥ፣ መክፈል ነበረበት። ይልቁንም ነሐሴ 2 ቀን 2022 ወደ ሳን ዲየጎ ሰጥቶት ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን፣ ሮበርት ሃሰልንና ሃርሊን ሱሳናን አገኘ። ከእነዚህ መካከል ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ኦል ስታር (ከዓመቱ ምርጦች አንዱ) ተብለዋል። በአንድ ልውውጥ ሦስት ኦል ስታር ማግኘት በዚህ ሙያ ውስጥ ብርቅ ነው። ዉድ ደግሞ እዚያው እናንተ ካውንቲ ሮክቪል የተወለደ ልጅ መሆኑን ለልጅዎ ይንገሩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሦስት ኦል ስታር በአንድ ልውውጥ ያገኘ ክለብ ለምን 96 ጨዋታ ይሸነፋል? ምክንያቱም በቤዝቦል ሦስት ሰው ቡድን አይሆንም። አንድ ቡድን በዓመት ውስጥ አርባና ከዚያ በላይ ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ አምስት ያህል ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች፣ ሰባት ስምንት የሚተኩ ፒቸሮች፣ ዘጠኝ መቺዎች፣ ተቀያሪዎችና ጉዳት ሲመጣ ከታች የሚጠሩ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ይህን ሁሉ በልውውጥ ወይም በገበያ መግዛት የሚችል ክለብ የለም፤ ዶጀርስም ያለ ገደብ ገንዘብ እየረጨ እንኳ ከሥር የሚያፈራቸው ተጫዋቾች አሉት። አብዛኛው ቦታ መሞላት ያለበት በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ እንዲሁም ከካሪቢያንና ከላቲን አሜሪካ በሚፈርሙ ታዳጊዎች ነው።

ናሽናልስ በዚህ በኩል ያሳየው ውጤት ለማመን ያስቸግራል። በ2009 ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን በአንደኛ ምርጫ ወሰደ፤ በ2011 ሬንዶንን አገኘ። እነዚህ ሦስቱ ከ2012 እስከ 2017 ቡድኑ አራት ጊዜ የምሥራቅ ምድብ አሸናፊ ለሆነበት ዘመን ምሰሶ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ምንጩ ደረቀ። በ2012 የተመረጠው ሉካስ ጂዮሊቶ በ2016 ከሌሎች ሁለት ፒቸሮች ጋር በአዳም ኢተን ተለወጠ። የ2016ቱ ካርተር ኪቡም የሬንዶን ምትክ ይሆናል ተብሎ በዋናው ሊግ መምታት አልቻለም። የ2017ቱ የመጀመሪያ ምርጫ በዋናው ሊግ የታየው በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ሲሆን፣ የ2018ቱ ከነጭራሹ አልደረሰም። በ2022 በአምስተኛ ደረጃ የተወሰደው ኢላይጃ ግሪንም በማይነር ሊግ (ታዳጊዎች በሚሠለጥኑበት የታችኛው ሊግ) ኳሱን መንካት እጅግ አስቸገረው። ከስትራስበርግ ወዲህ ክለቡ ራሱ መርጦ፣ ራሱ አሳድጎ፣ ለዓመታት ያቆመው አንድም ጠንካራ ጨዋታ ጀማሪ ፒቸር የለም። ሶቶ ራሱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ታዳጊ ነበር፤ እንደ እሱ ያለ ሁለተኛ አልተገኘም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ጠንካሮቹ ክለቦች ፈጣን ካሜራ፣ የኳሱን ሽክርክሪት የሚለካ መሣሪያና በርካታ የመረጃ ተንታኞች ተጠቅመው ተራ የሚመስለውን ፒቸር አዲስ ውርወራ እያስተማሩ ጠቃሚ ተጫዋች አደረጉ። ናሽናልስ በጄኔራል ማናጀሩ በማይክ ሪዞ ዘመን የተመካው በአብዛኛው በልምድ ባላቸው መልማዮች ዓይን ነበር። ያ ዓይን ሃርፐርንና ሬንዶንን አይቷል፤ ሪዞም የዋንጫውን ቡድን የሠራ ሰው በመሆኑ ክብሩ አይነካም። ነገር ግን ዓይን ብቻውን ለመምረጥ ቢበቃ ለማሳደግ አይበቃም። በ2025 በናሽናልስ ፒቸሮች ላይ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ ከአምስት ነጥብ በላይ ይቆጠርባቸው ነበር፤ በሊጉ ከእነሱ የባሰው በከፍታ ቦታ፣ ኳስ እጅግ በሚርቅበት ስስ አየር የሚጫወተው ኮሎራዶ ብቻ ነው።

ወደ ባለቤቶቹ እንምጣ። የለርነር ቤተሰብ ክለቡን በ2006 በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2022 ሊሸጡት እንደሚያስቡ አስታወቁ፤ በ2024 መጀመሪያ ሐሳባቸውን ለውጠው እንደማይሸጡት ተናገሩ። በመካከሉ ያሉት ሁለት ዓመታት ለማን እንደሚሠራ የማያውቅ ቤት ውስጥ ያለፉ ዓመታት ናቸው። በቴሌቪዥን ገቢም በኩል እውነተኛ ችግር ነበረባቸው፤ ቡድኑ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ባለቤት ቅር እንዳይለው የሁለቱ ክለቦች የጋራ ቴሌቪዥን ጣቢያ ትልቁ ድርሻ ለባልቲሞር ተሰጠ፤ ለናሽናልስ በሚከፈለው ሒሳብ ላይ የተነሣው ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ የተዘጋው በመጋቢት 2025 ነው። ናሽናልስ ከ2025 በኋላ ከዚያ ውል ነጻ ሆኗል፤ ስለዚህ ይህ ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም።

በ2021 እና በ2022 አለመክፈላቸውን አልነቅፍም። ቡድኑ ሲፈርስ ውድ ተጫዋች ማምጣት ገንዘብ ማባከን ነው። የምነቅፈው ከ2023 መጨረሻ በኋላ ያደረጉትን ነው። ኤብራምስ፣ ጎርና ከዚያም ዉድ በሊጉ አነስተኛ ደመወዝ አካባቢ ይጫወቱ ነበር፤ ኮከብ በርካሽ በሚገኝበት በዚህ አጭር ጊዜ ነው ብልህ ባለቤት ፒቸር የሚገዛው። እነሱ ግን ለ2025 ውድድር ያመጡት እንደ ፒቸሩ ማይክል ሶሮካ ያለ የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ሶሮካንም፣ የጨዋታውን መጨረሻ የሚዘጋውን ፒቸር ካይል ፊኔጋንንም በሐምሌ መልሰው ለወጧቸው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ የለውም፤ ያለው ከተወሰነ መጠን በላይ ሲከፈል የሚጣል ቅጣት ነው፤ መጠኑም በ2025 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ናሽናልስ ከዚያ እጅግ በታች ነበር።

ወደ ታችኛው ሊግ መውረድን በተመለከተ ያሉት በከፊል ትክክል ነው። የሜጀር ሊግ 30 ክለቦች ምንም ቢሸነፉ አይወርዱም፤ እንዲያውም መሸነፍ የተሻለ የድራፍት ተራ ያስገኝ ነበር። ነገር ግን ከ2023 ድራፍት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች የሚወሰኑት በዕጣ ነው፤ ናሽናልስም ይህን ዕጣ ክፉውንም ደጉንም አይቶታል። በ2022 ከሁሉም በላይ ተሸንፎ ሳለ ዕጣው ሁለተኛ አደረገው፤ አንደኛ የወጣው ፒትስበርግ ፒቸሩን ፖል ስኪንስን ወሰደ፤ ናሽናልስ የስኪንስን የኮሌጅ ጓደኛ ዲላን ክሩዝን አገኘ። ስኪንስ በ2025 የናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ምርጥ ፒቸር ተብሏል፤ ክሩዝ ገና እየታገለ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዕጣው ለናሽናልስ ቢወጣም ለሌሎች ገቢ የሚያካፍል ክለብ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከዕጣው ተጠቃሚ እንዳይሆን ሕጉ ስለሚከለክል ወደ አሥረኛ ተራ ወረደ። በ2025 ግን አንደኛ ወጥቶ የ17 ዓመቱን የኦክላሆማ ልጅ ኢላይ ዊሊትስን መረጠ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሕጉ ራሱ ናሽናልስን ከሀብታሞቹ ክለቦች ተራ ነው የሚቆጥረው። «አቅም የለንም» የሚል ንግግር ከባለቤቶቹ አፍ ቢሰሙ ይህን ያስታውሷቸው።

ስለ አሠልጣኙ አጭር መልስ ይበቃል። ዴቪ ማርቲኔዝ በ2019 ዋንጫ ያነሣው ያው ሰው ነው። እሱና ሪዞ በአንድ ቀን፣ ሐምሌ 6 ቀን 2025፣ ሲሰናበቱ ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ነበር። በጊዜያዊው አሠልጣኝ በሚጌል ካይሮ ሥር 29 አሸንፎ 43 ተሸነፈ። ሁለቱን በመቶኛ ሲያሰሏቸው የመጀመሪያው 41፣ ሁለተኛው 40 ይሆናል። በቤዝቦል አሠልጣኝ የሚወስነው ማን መቼ እንደሚወረውርና ማን በየትኛው ተራ እንደሚመታ ነው፤ የሚወረውር ሰው ከሌለው የሚወስነውም ነገር የለም። ከማርቲኔዝ መሰናበት ይልቅ የሪዞ መሰናበት ይበልጥ ትርጉም አለው፤ መልማዩንም፣ አሳዳጊውንም፣ ተንታኙንም የሚቀጥረው የእሱ ወንበር ነውና።

በዚያ ወንበር ላይ አሁን የተቀመጠው ከቦስተን የመጣው፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ የሚገኘው ፖል ቶቦኒ ነው፤ ሥራውን የተማረው በድራፍትና በልማት በኩል ነው። አሠልጣኝ አድርጎ የቀጠረው ብሌክ ቡቴራም በ33 ዓመቱ የተሾመ፣ በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ተጫዋች በማፍራት ከሚታወቀው ከታምፓ ቤይ የመጣ ሰው ነው። አቅጣጫው ትክክል ነው። ሆኖም ይህ ማለት ግንባታው ከመካከል ይቀጥላል ማለት አይደለም፤ በከፊል ከመጀመሪያው ይጀመራል ማለት ነው። ነጻ ለመሆን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የቀራቸው ተጫዋቾች እንደገና በልውውጥ ቢሄዱ አይደንቅዎት፤ እንደ ክህደትም አይቁጠሩት።

መቼ ያገግማሉ ላሉት፣ የሌሎችን ጉዞ ማየት ይጠቅማል። ሂውስተን ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ ከመቶ በላይ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ ወሰደ (ያ ዋንጫ በኋላ የተጋጣሚን የውርወራ ምልክት በመስረቅ ቢጎድፍም)፤ ቺካጎ ከብስ በ2012 101 ተሸንፎ በ2016 ዋንጫ አነሣ። በሌላ በኩል ፒትስበርግ ከ1993 ጀምሮ 20 ተከታታይ ዓመት ከግማሽ በታች ቆየ። ልዩነቱ የተሸነፉት መጠን አይደለም፤ ሂውስተንና ከብስ እየተሸነፉ ሳለ የማሳደጊያ ሥርዓታቸውን ሠሩ፣ ወጣቶቹ ሲደርሱም ባለቤቶቹ ገንዘብ አወጡ። ናሽናልስ የመጀመሪያውን ገና አሁን ጀመረ፤ ሁለተኛውን አላሳየም። በእኔ ግምት ከ2028 በፊት ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው፤ ይህም ሁሉ ከተሳካ ነው። ዉድን ራሱን ይመልከቱ፤ በ2025 31 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መትቶ ሳለ 221 ጊዜ በስትራይክ አውት (ኳሱን መምታት ተስኖት) ወጥቷል፤ የአንድ ውድድር ዓመት ክብረ ወሰን 223 ነው። ይህ ልጅ ታላቅ መቺ ሊሆን ይችላል፤ ኳሱን ይበልጥ መንካት ካልተማረ ግን አልፎ አልፎ የሚያስደንቅ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የጎረቤትዎን ምክር በተመለከተ፣ ባልቲሞር መሸሸጊያ አይደለም። ኦሪዮልስ በ2018 115 ጨዋታ ተሸንፎ በ2023 101 ሲያሸንፍ ሁሉም አጨበጨበ፤ ግን በ2023ም በ2024ም ከመደበኛው ውድድር በኋላ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ተሰናበተ፤ በ2025 ደግሞ 75 ብቻ አሸንፎ ከምድቡ መጨረሻ ሆነ። የእነሱም ጉድለት ያው ፒቸር ነው። ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ የሜጀር ሊግ ክፍል (ናሽናልስ በናሽናል ሊግ፣ ኦሪዮልስ በአሜሪካን ሊግ) ውስጥ ስለሚጫወቱ ሁለቱንም መውደድ ይቻላል፤ አንዱን ለመሸሽ ወደ ሌላው መሄድ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው፤ የዓመት ትኬት አይግዙ። የ81 የሜዳ ጨዋታ ሒሳብ ለሚሸነፍ ቡድን መክፈል ለባለቤቶቹ «ምንም ሳናወጣ ይመጣሉ» የሚል መልእክት ነው። ከዚህም በላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ አለ፤ በክለቦቹና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ያለው የሥራ ውል ታኅሣሥ 1 ቀን 2026 ያበቃል። ያለፈው ሲያበቃ ባለቤቶቹ ተጫዋቾቹን ከሥራ አግደው በሩን ለ99 ቀናት ዘግተው ነበር። ስለ 2027 አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ማንኛውም ውል ሲቀርብልዎ፣ ጨዋታ ቢሰረዝ ገንዘብዎ በጥሬው እንደሚመለስ በጽሑፍ ካላረጋገጡ አይፈርሙ።

ልጅዎን ግን ከሜዳ አያርቁት። ለተራ ቀን ጨዋታ ትኬት በተናጠል ይግዙ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተነሥታችሁ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ከቀየራችሁ፣ ኔቪ ያርድ ስትወርዱ ሜዳው ፊት ለፊታችሁ ነው። ከዚያ ይበልጥ የምመክረው ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ የሚጫወተውን የክለቡን የታዳጊ ቡድን ነው፤ ዊሊትስ የመጀመሪያ ጨዋታዎቹን ያደረገው እዚያ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ገና ፊርማ ለመስጠት የማይሰለቹ ተጫዋቾችን በቅርብ ያያል፤ እርስዎም የክለቡ እውነተኛ ሥራ የሚሠራበትን ቦታ በዓይንዎ ይመዝናሉ።

የዓመት ትኬቱን ጉዳይ እንደገና የሚያነሡት በ2027 መጨረሻ ይሁን። በዚያን ጊዜ የድል ብዛት አይቁጠሩ፤ ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ። አንደኛ፣ ክለቡ ራሱ ካሳደጋቸው ወጣቶች መካከል ሙሉ ዓመት በዋናው ሊግ የወረወሩ ቢያንስ ሁለት ጨዋታ ጀማሪ ፒቸሮች አሉ? ሁለተኛ፣ ባለቤቶቹ ለዉድ ረጅም ውል ሰጥተዋል ወይም ከገበያው ለብዙ ዓመት አንድ ጠንካራ ተጫዋች አስፈርመዋል? ሁለቱም ከታዩ ትኬቱን ይግዙ፤ ያን ጊዜ ዋጋው አሁን ካለው ቢጨምርም ያዋጣል። አንደኛው ብቻ ከታየ በተናጠል ትኬት ይቀጥሉ። አንዱም ካልታየ አዲሱ አመራርም ከቀድሞው የተለየ ነገር አልሠራም ማለት ነውና ገንዘብዎን በፍሬድሪክስበርግ ትኬት ላይ ያውሉ።